ከጋሊሊዮ ቱቦ እስከ ቦረና አያንቱ



በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አያወራም። የሚያወራው ስለ አንድ በሽታ ነው። በሽታው ሰው አይገድልም፤ ኪስ ግን ያራቁታል። የሚይዘው ሰማይን በፍቅር የሚመለከቱትን፣ ለድካማቸው ደመወዝ የማይከፈላቸውን የኮከብ ወዳጆች ነው። እነሱም ራሳቸው እየሳቁ "ትኩሳት" ይሉታል፤ የቴሌስኮፕ አፍ ስፋት ትኩሳት። የተያዘው ሰው አንድ ቴሌስኮፕ ይገዛል። መንፈቅ ሳይሞላው "ምነው ትንሽ ሰፋ ባለ ኖሮ" ማለት ይጀምራል። ሰፋ ያለውን ሲገዛ መቆሚያው አይችለውም፤ መቆሚያ ይለውጣል። መቆሚያው ሲከብድ መጫኛ መኪና ያስፈልጋል። ከዚያ ካሜራ፣ ለካሜራው ኮምፒውተር፣ ለኮምፒውተሩ ባትሪ። ሁሉም ተሟላ ሲባል ደግሞ አዲስ ሞዴል ወጣ ይባላል።

ነገሩን ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እዚህ ማንያታ የሳይንስ ክበባችን ለመጪው ዓመት የሚያስፈልገውን ዕቃ ዘርዝሮ እንዲያቀርብ ተጠይቋል። በዝርዝሩ ራስ ላይ "ትልቅ ቴሌስኮፕ" ተብሎ ተጽፏል። በእርግጥ አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ አለችን። የሌንሷ ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሦስቱ እግሮቿ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ። ተማሪዎቻችንም "በዚህች ምን ይታያል? የሥነ ፈለክ ትምህርት እንዲህ ነው እንዴ?" ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይጠየቅ በፊት ይህ የመሣሪያ ሩጫ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ አብረን ብናይ ደግ ነው።

የመጀመሪያው ታማሚ ጋሊሊዮ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1608 ሃንስ ሊፐርሄ የተባለ መነጽር ሠሪ ሩቁን የሚያቀርብ ቱቦ ሠርቻለሁ ብሎ ለኔዘርላንድ መንግሥት የባለቤትነት መብት ጥያቄ አቀረበ። ወሬው ጣሊያን ደረሰ። በፓዱዋ የሒሳብ መምህር የነበረው ጋሊሊዮ በ1609 በጋ የራሱን ሠራ፤ 3 ጊዜ ብቻ ያቀርብ ነበር። አልበቃውም። በነሐሴ ወር 8 ጊዜ የሚያቀርብ ሠርቶ ለቬኒስ ሹማምንት አሳየ። እነሱም በባሕር የሚመጣን መርከብ በባዶ ዓይን ከሚታይበት ጊዜ ቀድመው ማየት መቻላቸው ደስ ስላሰኛቸው ደመወዙን በዓመት ወደ 1000 ፍሎሪን ለማሳደግ ወሰኑ። (መምህራን እዚህች ላይ እንደምትተክዙ እናውቃለን።) ዓመቱ ሳያልቅ 20 ጊዜ የሚያቀርበው ተሠራ። በጥር 7 ቀን 1610 ምሽት ጋሊሊዮ ያንን ወደ ጁፒተር ሲያዞር በአጠገቧ ሦስት ትንንሽ ኮከቦች አየ። ከሳምንት በኋላ አራት ሆኑ። ኮከብ ሳይሆኑ የጁፒተር ጨረቃዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተሻለ መሣሪያ መፈለግ ሞኝነት አልነበረም። በ3 እጥፉ ቱቦ ቢቀመጥ ኖሮ ይህን አያይም ነበር። ሁለተኛ፣ ጨረቃዎቹን ያገኘው በአንድ ሌሊት እይታ አይደለም። ማታ ማታ የኮከቦቹን ቦታ በነጥብ እየሣለ፣ ትናንት በግራ የነበረው ዛሬ በቀኝ መሆኑን እያመሳከረ ነው። ቱቦው ያሳየውን ወረቀቱ አስረዳው። ደግሞ ሳንናገር የማናልፈው አለ፦ ያቺ የምትንቀጠቀጠው የማንያታ ቴሌስኮፕ በሌንስ ጥራትም በስፋትም ከጋሊሊዮ ቱቦ ትበልጣለች። የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያለ ችግር ታሳያለች።

ከጋሊሊዮ በኋላ ሩጫው ወደ ርዝመት ዞረ። ምክንያቱ ይህ ነው። ተራ ሌንስ ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና ስለሚበትን በኮከቡ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ሌንሱ በስሱ ተሞርዶ ቱቦው ሲረዝም ግን ቀለሙ ይቀንሳል። ስለዚህ አስረዘሙት። በዛሬዋ ፖላንድ በግዳንስክ ከተማ ይኖር የነበረው ዮሐንስ ሄቬሊየስ 46 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቴሌስኮፕ በምሰሶና በገመድ ሰቀለ። ነፋስ ሲነፍስ ይወዛወዛል፤ ገመዱ ሲረጥብ ይጎብጣል። ዕቃው ለወሬ እንጂ ለሥራ እምብዛም አልሆነም። የሚገርመው ግን ይኸው ሰው የኮከቦችን ቦታ ለመለካት ሲነሣ ቴሌስኮፕ የሚባል አይነካም ነበር፤ በባዶ ዓይን በሚነጣጠር የነሐስ መለኪያ ነበር የሚሠራው። ለንደን ያሉት ሊቃውንት "ይህማ የድሮ ነገር ነው" ብለው አሙት። በ1679 ወጣቱ ኤድመንድ ሃሌይ ቴሌስኮፕ የተገጠመለት መለኪያ ይዞ ሊፈትነው ሄደ። ጎን ለጎን ለኩ። ሃሌይ የሽማግሌው ዓይን አስተማማኝ መሆኑን መስክሮ ተመለሰ።

የትኩሳቱ ትልቁ ታሪክ ግን የዊልያም ሄርሼልና የእህቱ የካሮላይን ነው፤ ትንሽ እንቆይበት። ሄርሼል ከጀርመን አገር ወደ እንግሊዝ የገባ ስደተኛ ሙዚቀኛ ነበር። ባዝ በምትባል ከተማ ኦርጋን እየተጫወተ፣ ሙዚቃ እያስተማረ ይተዳደር ነበር። በ1773 አካባቢ የሥነ ፈለክ ፍቅር ያዘው። ትልቅ ቴሌስኮፕ ለመግዛት አቅም ስላጣ ራሱ ሊሠራ ተነሣ። በዚያ ዘመን መስተዋቱ የሚሠራው ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅልቅል ነበር፤ ይቀለጣል፣ ይሞረዳል፣ ከዚያ በእጅ ይወለወላል። ውልወላው መሐል ላይ ከተቋረጠ ቅርጹ ይበላሻል። አንድ ጊዜ 16 ሰዓት ሙሉ እጁን ሳያነሣ ሲወለውል ካሮላይን ምግብ በአፉ ታጎርሰው እንደ ነበር በማስታወሻዋ ጽፋለች። ጉርሻ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በመጋቢት 13 ቀን 1781 ሄርሼል ከቤቱ ጓሮ ሆኖ ሰማይን ሲያስስ አንድ እንግዳ ነገር አየ። መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መስሎት ነበር። ዩራነስ የምትባለው ፕላኔት ነበረች፤ በጽሑፍ በተመዘገበ ታሪክ ሰው በቴሌስኮፕ ያገኛት የመጀመሪያዋ ፕላኔት። ያየባት መሣሪያ መስተዋቷ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቷም 2 ሜትር ገደማ ነበር። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በዓመት 200 ፓውንድ ቆረጡለት፤ ሙዚቃውን ተወ። ትኩሳቱ ግን ያኔ ባሰበት። ንጉሡ 4000 ፓውንድ ሰጥተውት በ1789 ርዝመቱ 12 ሜትር፣ የመስተዋቱ ስፋት 1.2 ሜትር የሆነ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ጨረሰ። መስተዋቱ ብቻ አንድ ቶን ይጠጋል። ከፎቅ ቤት በሚበልጥ የእንጨት መሰላል ላይ ቆሞ፣ በጉልበት ሠራተኞች እየተገፋ ነበር የሚዞረው። እንግዳ ሁሉ ሊያየው ይመጣ ነበር።

ሥራውስ? መስተዋቱ በእንግሊዝ እርጥበት ቶሎ ቶሎ ይደበዝዛል። እሱን አስተካክሎ እስኪነጣጠር ድረስ ጥሩው ሌሊት ያልፋል። ሄርሼል አብዛኛውን ትልቅ ሥራውን የሠራው በግዙፉ ሳይሆን ግማሹን በሚያህለው፣ መስተዋቱ 47 ሴንቲ ሜትር በሆነው በሁለተኛው ቴሌስኮፕ ነው። ካሮላይን ደግሞ በትንሽ መሣሪያ ሰማይን በየመስመሩ እየጠረገች ከ1786 እስከ 1797 ድረስ ስምንት ጅራታም ኮከቦች አገኘች። ከ1787 ጀምሮም በዓመት 50 ፓውንድ ከመንግሥት ይከፈላት ነበር። ግዙፉ ቴሌስኮፕ ከጊዜ በኋላ እንጨቱ በስብሶ አደገኛ ስለሆነ ልጁ ጆን አፈረሰው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በአየርላንድ ሎርድ ሮስ በ1845 1.8 ሜትር መስተዋት ተከለ፤ የአንዳንድ ጋላክሲዎችን ጥምዝ ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ አየበት። ወዲያው ግን የድንች ረሃብ መጣ፤ ሰው በረሃብ ሲያልቅ ኮከብ ማየት ቀረ። ከዚያ መስተዋት የሚሠራው ከብርጭቆ ሆነ፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የፋብሪካ ቴሌስኮፕ በየቤቱ ገባ። በ1990ዎቹ ራሱ ኮከቡን ፈልጎ የሚዞር ባለ ኮምፒውተር መቆሚያ ተስፋፋ። ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ካሜራ መጣ። አሁን በ2020ዎቹ ደግሞ ዓይን የሚደረግበት ቀዳዳ ጭራሽ የሌለው ቴሌስኮፕ ይሸጣል፤ ባለቤቱ ምስሉን የሚያየው በስልኩ ነው።

ሩጫው ለምን አያልቅም? ተማሪዎች ይህን በሒሳብ ልታዩት ትችላላችሁ። የሚሰበሰበው ብርሃን የሚያድገው በስፋቱ ካሬ ነው፦ ከ10 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ብትሄዱ ብርሃኑ 4 እጥፍ ይሆናል። ያጓጓል። ክብደቱ ግን መጠኑ ሁሉ እኩል ካደገ በኩብ ያድጋል፤ 8 እጥፍ ማለት ነው። ዋጋውም አብሮ ይወጣል። በዚያ ላይ ከራሳችን በላይ ያለው አየር አለ። አየሩ ስለሚናወጥ፣ አጉልቶ የማሳየት ኃይል ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ የሚጎላው ኮከቡ ሳይሆን ብዥታው ነው። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም።

ከሩጫው ወጣ ብለው የሠሩም አሉ። በአሜሪካ ኦሃዮ የገበሬ ልጅ የነበረው ሌስሊ ፔልቲየር በልጅነቱ እንጆሪ እየለቀመ ባጠራቀማት 18 ዶላር 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቴሌስኮፕ ገዛ። በ1918 ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦችን መመዝገብ ጀመረ። መዝገቡን አይተው የተሻለ መሣሪያ ያዋሱት ሌሎች ናቸው። በ1980 እስኪሞት ከ130 ሺህ በላይ ምልከታዎችን መዝግቧል፤ 12 ጅራታም ኮከቦችም አግኝቷል። በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ጆን ዶብሰን የተባለ መነኩሴ ከነበረበት ገዳም ሆኖ ከተጣለ ብርጭቆ መስተዋት እየሞረደ፣ ከጣውላና ከወፍራም የካርቶን ቱቦ ቴሌስኮፕ ይሠራ ነበር። ኋላ መንገድ ዳር አቁሞ አላፊ አግዳሚውን "ኑ እዩ" ይል ጀመር። አሠራሩን በባለቤትነት አላስመዘገበም፤ ማንም እንዲሠራው ተወው። በ1995 ሄል ቦፕ የተባለውን ጅራታም ኮከብ ካገኙት ሁለት ሰዎች አንዱ ቶማስ ቦፕም የራሱ ቴሌስኮፕ አልነበረውም፤ በጓደኛው ነበር የሚያየው። በ1997 ያንን ኮከብ በባዶ ዓይኑ ያየ ሰው በአካባቢያችን ብዙ አለ፤ ጠይቁ።

ወደ አገራችንና ወደዚህ አካባቢ እንመለስ። የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ፤ ጣቢያው በ2015 ሥራ ጀመረ። ወጪውን፣ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ የሸፈኑት ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። ከሄርሼል ግዙፍ መስተዋት ብዙም አያንሱም፤ በጥራትማ አይወዳደሩም። ነገር ግን ክረምት ሲገባ ደመናው፣ ከሥር ደግሞ የአዲስ አበባ መብራት አለ። ከተማዋ ባደገች ቁጥር ሰማዩ ይነጣል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ከመብራት የራቀ ሌላ ጣቢያ በላሊበላ ተራሮች አካባቢ ታስቦ ነበር። በኬንያ ደግሞ ሱዛን ሙራባና ቴሌስኮፕ በመኪና ጭና ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ስትዞር ቆይታለች።

እንጦጦ የጎደለውን ጨለማ ግን ሞያሌ አላጣችም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ካላችሁ ሰማዩ ንጹሕ ነው። ይህን ሰማይ ደግሞ ከእኛ በፊት ያወቁት አሉ። በድንበሩ በሁለቱም ወገን የሚኖሩት ቦረናዎች የጊዜ አዋቂዎቻቸውን "አያንቱ" ይሏቸዋል። አያንቱ መሣሪያ የላቸውም፤ መዝገባቸውም ጭንቅላታቸው ነው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1973 ባሳተሙት ስለ ገዳ ሥርዓት በሚናገረው መጽሐፋቸው እንደ ገለጹት፣ ጨረቃን ከሰባት ኮከቦችና የኮከብ ስብስቦች ጋር ያመሳክራሉ፤ ከእነሱም ላሚ የሚሏት ትንሿ ሦስት ማዕዘን፣ ቡሳን የሚሏቸው ሰባቱ ከዋክብት፣ በከልቻ የሚሉት አልደባራን፣ በኦሪዮን ያሉትና ባሳ የሚሉት ሲሪየስ ይገኙበታል። ቢቶቴሳ የሚባለው ወር የሚታወቀው አዲስ ጨረቃ ከላሚ ጋር ስትገጥም ነው፤ ቀጣዩ ጫምሳ ከቡሳን ጋር ስትገጥም፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ኮከቧ ላሚ ብቻ ሆና የጨረቃዋ መልክ ከሙሉ ወደ ጎደሎ ይለዋወጣል።

ቀኖቹ 27 ስም አላቸው። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ ሁለት ሦስት ስም በአንድ ወር ውስጥ ይደገማል። 27 ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጨረቃ ከአንድ ኮከብ ተነሥታ ወደዚያው ኮከብ የምትመለሰው በ27 ቀን ከሲሶ ያህል ነው። 12ቱ ወሮች ሲደመሩ 354 ቀን ይሆናሉ፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ይጎድላል። ባሕረ ሐሳብ የምታውቁ እዚህ ላይ ፈገግ ትላላችሁ፤ ጥንተ አበቅቴ 11 የሆነው ያለ ነገር አይደለምና። ልዩነቱ፣ ባሕረ ሐሳብ በወረቀት ሲያሰላው አያንቱ ቀና ብለው ያዩታል። ቦረናዎች ያችን 11 ቀን እንዴት እንደሚያስታርቋት ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ።

ስለ መሣሪያ ካነሣን ይህችን ሳንናገር አናልፍም። በቱርካና ከሎድዋር ወደ ካሎኮል በሚወስደው መንገድ ዳር 19 የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ ናሞራቱንጋ ይባላሉ። በ1978 ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ድንጋዮቹ የቦረናን ሰባት ኮከቦች መውጫ ያመለክታሉ፣ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ያህል ነው ብለው ጻፉ። ዓለም ተደነቀ። በ1982 ሮበርት ሶፐር የተባለ አርኪዮሎጂስት አንድ ነገር አሳየ፦ ድንጋዮቹ ራሳቸው መግነጢስ ስላላቸው የኮምፓሱን መርፌ ያሳስቱታል! እንደገና መለካት አስፈለገ። ኋላ በተደረገ ቁፋሮም ቦታው ወደ 5000 ዓመት ገደማ እንደሚጠጋ ታወቀ፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ኮከቦቹ የሚወጡት ከሌላ ቦታ ነበር። የቦረና አቆጣጠር ግን በድንጋዮቹ ላይ አልቆመምና ምንም አልሆነም።

ታዲያ ከዝርዝራችን ራስ ላይ ምን ይጻፍ? ከባልደረቦቻችን መካከል "እኛ ዓይን ይበቃል ካልን ለጋሾቹ ለስደተኛ ልጅ ዓይኑ ይበቃዋል ብለው ያርፋሉ" የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። ዓይን የሳተርንን ቀለበት አያሳይም፤ የኛም ተማሪ እንደ ማንም ልጅ ሊያየው ይገባል። ስለዚህ ቴሌስኮፕ አይጠየቅ አንልም። የምንለው፣ መጀመሪያ ያለችን የምትቆምበት ጠንካራ የእንጨት እግር፣ ለየተማሪው መመዝገቢያ ደብተር፣ የኮከብ ካርታ፣ በቀይ ፕላስቲክ የሚሸፈን የእጅ ባትሪ። ቀጥሎ አንድ የዶብሰን ዓይነት ቴሌስኮፕ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ። በስልክ የሚሠራው ይቅር፤ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ ታውቃላችሁ።

ዝርዝሩ የሚላከው በወሩ መጨረሻ ነው። የምትቃወሙም የምትደግፉም በክበቡ ተወካይ በኩል በጽሑፍ አድርሱን። ካኩማ ያላችሁ አንባብያን ደግሞ የመንገድ ፈቃድ አግኝታችሁ በካሎኮል በኩል ካለፋችሁ፣ ድንጋዮቹን ሳትነኩ በገመድ ለክታችሁ ንድፋቸውን ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ኮምፓስ ከያዛችሁ ከድንጋዩ ራቅ ብላችሁ አንብቡት።